ባለቤቱ ሲታሰር ያልቆመው ወርቅ

ሐረር ውስጥ አክሲዮን ሊሸጥ የመጣ ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን አለበት?» የሚል ነው። ካፒታሉ፣ ፈቃዱና የውጭ ኦዲተሩ፣ ከተጠየቁም፣ የሚጠየቁት ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የአክሲዮን ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከስፌት መኪናው በላይ የሰቀለ ልብስ ሰፊ አለ። ስለ ኩባንያው ብትጠይቁት የመሥራቹን የትውልድ አገር፣ ከምን ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ማንን እንደገሠጸ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ኩባንያው አምና አተረፈ ወይስ ከሰረ? «እሱ እያለ ምን ይሆናል!» ይላል ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከ።

ለንደን ወይም ቶሮንቶ ያለ የአክሲዮን ገበያ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። እሱ ተምሯል፤ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። «ይህ ኩባንያ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰውየው ደግሞ አፉን አይሰበስብም። ነገ ቢታመም፣ ቢታሰር ወይም ከአንድ ሚኒስትር ጋር ቢቃቃር ገንዘባችን ገደል ገባ» ይልና የአክሲዮኑን ዋጋ ይቀንሳል። ለዚህ ፍርሃት «የቁልፍ ሰው ስጋት» የሚል ስም አለው፤ በየሪፖርቱም አንድ አንቀጽ ይመድብለታል።

የሐረሩ ልብስ ሰፊና የለንደኑ ባለሙያ የተቃረኑ ይመስላሉ። አንዱ ሰውየው ስላለ ይገዛል፣ ሌላው ሰውየው ስላለ ይሸሻል። ሁለቱም ግን ኩባንያውን ያነበቡት ከመሥራቹ ፊት ላይ ነው። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ እንደ እውቀት ተቆጥሯል፤ የሒሳብ ሰው ይለዋል፣ ጋዜጠኛ ይጽፈዋል፣ በርጫ ላይም ይደገማል። እኔ ስሕተት ነው እላለሁ። ማዕድን በሚባለው ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ ገንዘብ ብቻ አያስከፍልም።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ለገ ደምቢ አለ።

በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ የሚገኘው ይህ የወርቅ ማውጫ በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተላለፈ፤ የ20 ዓመት ፈቃድም ተሰጠው። ሚድሮክ ማለት ደግሞ ሼኽ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ማለት ነበር። ሸራተን አዲስን የሠሩት እሳቸው ናቸው። በእርዳታው፣ በኳሱ፣ በሠርጉና በሐዘኑ ስማቸው ይነሣል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የገዢውን ፓርቲ የንብ ምልክት ለብሰው አደባባይ የወጡ፣ ወዳጅነታቸውን የማይደብቁ ባለሀብት ናቸው። ኩባንያውን ከሰውየው ለይቶ የሚያይ ሰው በአገሩ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥራ ፈላጊው «ሼኹ ጋ ልግባ» ነበር የሚለው፤ ሚድሮክ ልቀጠር የሚል ብዙም አይሰማም ነበር።

ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ሼኹ ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ከልዑላን፣ ከሚኒስትሮችና ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ተያዙ። የቁልፍ ሰው ስጋት የሚባለው ነገር እንደሚነገረው ቢሆን ኖሮ ማዕድኑ በሳምንታት ውስጥ መብረክረክ ነበረበት። ቁልፉ ሰው በራሱ አንደበት አንድ ቃል ሊያስተላልፍ የማይችልበት ቦታ ገብቷልና። አዲስ አበባ ላይ ወሬው ያው ነበር፤ «አለቀለት» ተባለ፣ ባንኮች ብድራቸውን አሰቡ፣ ሠራተኛው ደመወዙን አሰበ።

ምን ሆነ? ፈረቃው ቀጠለ። ድንጋዩ ፈነዳ፣ ተፈጨ፣ በሳያናይድ ታጠበ፣ ወርቁ ወጣ። የዕለት ሥራውን ድሮም የሚመሩት በዶክተር አረጋ ይርዳው ሥር የነበሩ መሐንዲሶችና ሥራ አስኪያጆች ናቸው፤ ባለቤቱ ሪያድ ሆኑ ዋሽንግተን ለወፍጮው ለውጥ አልነበረውም። ከዚህም በላይ የ20 ዓመቱ ፈቃድ ሲያበቃ ለ10 ዓመት መታደሱ የተሰማው ባለቤቱ በእስር ላይ እያሉ ነው። አንድ ኩባንያ ያለ መሥራቹ መቆም ይችላል ወይ ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ፈተና ሊፈጠር አይችልም። ለገ ደምቢ ፈተናውን አለፈ።

ባለቤቱ ከታሰሩ ከስድስት ወር በኋላ ግን ቆመ። ያቆመው የባለቤቱ እስር አልነበረም። የፈቃዱ መታደስ እንደተሰማ የሻኪሶና የአካባቢው ሰው መንገድ ላይ ወጣ። ከማዕድኑ በሚወጣው ቆሻሻ ልጆቻችን አካላቸው ተጎድቶ ይወለዳሉ፣ ሴቶቻችን ያስወርዳቸዋል፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ ሲል ለዓመታት የሚያሰማውን አቤቱታ ይዞ። ግንቦት 2010 መጀመሪያ ላይ ማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደው። በዚያው በግንቦት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሪያድ ሄደው ስለ ሼኹ መፈታት ተነጋግረው መጡ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፦ መንግሥት ባለቤቱን ለማስፈታት ደጅ በሚጠናበት ወር ማዕድኑን የዘጋው ራሱ መንግሥት ነው። ሼኹ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ተፈቱ። ቁልፉ ሰው ተመለሰ። ማዕድኑ ግን ተዘግቶ ቆየ፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

እንግዲህ የሰውየው መታሰር አልዘጋውም፣ መፈታቱም አልከፈተውም። ጉዳዩን ከዚህ በኋላ «በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠል» እያለ የሚተነትን ሰው ዓይኑን ምን እንደጋረደው መጠየቅ አለበት። እንደ እኔ የጋረደው ራሱ ስሙ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ሼኹ እያሉ ምን ይሆናል» የሚለው መተማመን አበዳሪውም፣ ወርቁን ገዢውም፣ ተቆጣጣሪውም የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ግድብ ሄዶ እንዳያይ አድርጎታል። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ አሳደረች የሚባለው ለዚህ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በጉዳዩ ላይ ዘገባ ሲያወጣ ስለ አካባቢው ውኃና አፈር ብክለት የተደረጉ ጥናቶች አስቀድሞም እንደነበሩ፣ ውጤታቸው ግን ለነዋሪው በወጉ እንዳልተገለጸ አመለከተ። ወረቀቱ ነበር። ወረቀቱን የጠየቀ ባለገንዘብ ግን አልተሰማም፤ የሚጠየቀው የሰውየው ጤና ነበራ።

«ሚድሮክ የግል ኩባንያ ነው፣ በገበያ የሚሸጥ አክሲዮን የለውም» የሚል ይኖራል። እሺ፤ በገበያ የሚሸጥ ያለውን እናንሣ።

ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ቱሉ ካፒ የሚባል የወርቅ ክምችት አለ፤ በጥናት የተገመተው 1.7 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ነው። ባለ ፈቃዱ ኬፊ የተባለ፣ ለንደን ገበያ ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ነው። መሥራቹና ሊቀ መንበሩ ሃሪ አናግኖስታራስ አዳምስ ይባላሉ። ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። በየጊዜው ለባለአክሲዮኖች ይናገራሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ፣ ቀኑ ያልፋል፣ ሌላ ቀን ይቆርጣሉ። የማዕድን ፈቃዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን ዋናው የግንባታ ብድር ተጠናቅቆ ሥራው በይፋ የተጀመረው በ2025 ነው። አሥር ዓመት! በእነዚህ ዓመታት ከባለአክሲዮኖች የሚሰማው ትችት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚያመራ ነበር፦ «ኩባንያው ሰውየው ነው፤ ሰውየውም ወሬ ብቻ ነው።» ደጋፊዎቹ ደግሞ ያንኑ ገልብጠው፣ «ሰውየው ባይኖር ይህ ፕሮጀክት ድሮ ይሞት ነበር» ይላሉ።

ሁለቱንም ወገን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከኬፊ በፊት ቱሉ ካፒን የያዘው ማን ነበር? ኒዮታ የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው፤ ሌላ ቦርድ፣ ሌላ አለቃ፣ ሌላ አንደበት። እሱም ማዕድኑን ሳይከፍት ነው የወጣው። አለቃው ተለውጦ ነገሩ ካልተለወጠ ምክንያቱን አለቃው ላይ መፈለግ ምን ይባላል? በእነዚያ ዓመታት ወለጋ ውስጥ ሰላም እንዳልነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና የማያልፍበት መንገድ ላይ የማዕድን ማሽን አይጓጓዝም። የውጭ ምንዛሪ ሕጉ ደግሞ የውጭ አበዳሪ ገንዘቡን አስገብቶ በሰላም እንዲያወጣ የሚያስችል አልነበረም፤ እያንዳንዱ ነገር የብሔራዊ ባንክን ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። የወርቅ ዋጋም አለ። ፈቃዱ ሲሰጥ አንድ አውንስ 1,200 ዶላር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ወራት 3,000 አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ የምንዛሪ ሕጉም ላላ። አበዳሪ ባንኮች የጨከኑት ከዚህ በኋላ ነው። የሊቀ መንበሩ ንግግር እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2025ም ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጋውና ሕጉ ነው። አሥር ዓመት የሰውየውን አፍ ሲጠብቅ የከረመ ባለአክሲዮን የብሔራዊ ባንክን መመሪያዎች ቢያነብ ኖሮ መቼ እንደሚገዛና መቼ እንደሚሸጥ በተሻለ ያውቅ ነበር።

የዳሎል ፖታሽም ይኸው ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። አላና ፖታሽ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ብርቱ ተናጋሪ የነበረ መሪ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የእስራኤሉ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ አይሲኤል ሙሉ በሙሉ ገዛው። የቁልፍ ሰው ስጋት የሚባለው በአንድ ቀን ጠፋ፤ በቦታው ባለ ብዙ ፋብሪካ፣ ባለ ሙሉ ቦርድ ተቋም ገባ። ባለሙያዎቹ ተደሰቱ። ተቋሙ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በወጉ ሳይቆይ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የታክስ ጭቅጭቅንና የመሠረተ ልማት ጉድለትን ምክንያት አድርጎ ጥሎ ሄደ። ፖታሹ እስከ ዛሬ አፋር መሬት ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አለ። ማዕድን እንደ ሌላ ንግድ አይደለም። ሱቅን ባለሱቁ ያቋቁማል፣ ባለሱቁ ያከስራል። በማዕድን ግን ዋናው ሀብት የኩባንያው አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ኩባንያው ያለው በጊዜ የተወሰነ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት የሚጸናው መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ዝም እስካለ ወይም ተስማምቶ እስከ ተቀመጠ ድረስ ነው። ዋጋውን የሚወስነው የዓለም ገበያ ነው። ከድንጋዩ ስንት ግራም እንደሚወጣ የተወሰነው መሥራቹ ከመወለዱ ብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። መሥራች ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱም ላይ ሥልጣን የለውም። ሥልጣን ያለው መቸኮል ወይም መዘግየት፣ መዋሸት ወይም እውነት መናገር ላይ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግን ባለሀብቶች ከሰጡት ቦታ በእጅጉ ያንሳል።

ስለ አንደበት ከተነሣ አይቀር፣ የመሥራች ተናጋሪነት እንደ ጉዳት የሚቆጠርበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። አደባባይ ላይ ቀን የቆረጠ ሰው ቃሉ ተመዝግቧል። ቀኑ ሲያልፍ ይጠየቅበታል። የቱሉ ካፒ ሊቀ መንበር ስንት ጊዜ እንዳዘገዩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ራሳቸው በየጊዜው ስለተናገሩ ነው። እኔ የምፈራው የማይናገረውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ብሬ ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አለኝ ያለው ወርቅ ጭራሽ እንደሌለ ሲታወቅ ማጭበርበሩ የተፈጸመው በአለቃው ንግግር አልነበረም፤ ጫካ ውስጥ፣ የድንጋይ ናሙናው ላይ ወርቅ እየተነሰነሰ፣ ድምፅ ሳይሰማ ነው። የአለቃውን አፍ ሲያዳምጥ የነበረ ሁሉ አበቃለት። ናሙናውን በሌላ ላቦራቶሪ ያስመረመረ ተረፈ።

በዚህ ክርክር ላይ የሚሰነዘር አንድ ከባድ መልስ አለ፤ ላልፈው አልችልም። «ማዕድን የሚጀመረው በእብዶች ነው» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ሞንጎሊያ ውስጥ ኦዩ ቶልጎይ የሚባለውን የመዳብና የወርቅ ክምችት ታላቁ ቢኤችፒ ሞክሮት ትቶት ሲወጣ የያዘው ሮበርት ፍሪድላንድ የሚባል፣ ከኮሎራዶው የሰሚትቪል ማዕድን የመርዝ ጣጣ ጀምሮ ስሙ በክፉም በደጉም የሚነሣ፣ መድረክ የማይጠግብ ሰው ነው። ሌላው ያላየውን አየ፣ ሌላው ያላገኘውን ገንዘብ ለመነ። እሱ ባይኖር ምናልባት ዛሬም ባዶ ሜዳ ይሆን ነበር። ይህን የሚክድ የማዕድን ታሪክ አያውቅም። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሪዮ ቲንቶ ቀስ በቀስ ድርሻውን ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ኩባንያውን ተቆጣጠረው፣ ፍሪድላንድ ወጣ፣ ኦዩ ቶልጎይ ከዚያ በኋላ ነው እያመረተ የሄደው፤ ከመሬት በታች ያለው ትልቁ ክፍል ምርት የጀመረው በ2023 ነው። መሥራች ለመጀመር ያስፈልጋል። ስሕተቱ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ሰው ለመኖር ያስፈልጋል ብሎ መደምደሙ ነው።

ተቃራኒ ምሳሌም አለኝ፣ ልደብቀው አልፈልግም። የአውስትራሊያው ፎርተስኪው መሥራች አንድሩ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሥራ አስፈጻሚነት ወርደው ኩባንያው በሌሎች እጅ በብረት ማዕድን ብዙ አተረፈ። በ2022 ወደ ሥራ አስፈጻሚ ሊቀ መንበርነት ሲመለሱ የኃላፊዎች መፈናቀል ሆነ፤ በ2023 ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ስድስት ወር ቆይታ ሄደች፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ወጣች። መሥራች ጣልቃ ሲገባ ይጎዳል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሚጎዳው ሲመጣ ነው፤ ባለሙያዎቹ የሚያስፈራሩን ደግሞ ሲሄድ ይጎዳል እያሉ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስና ሁሉም የሚያውቃቸውን ሰው ላንሣ። አቶ ኤርምያስ አመልጋ ተናጋሪ መሥራች ከተባለ እሳቸው ናቸው፤ በአንድ ወቅት የኢትዮጵያን የአክሲዮን ወሬ ብቻቸውን የተሸከሙ ይመስሉ ነበር። ዘመን ባንክን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን አክሰስ ሪል ስቴትንም አቋቋሙ። ያው ሰው፣ ያው አንደበት፣ ያው የሰው እምነት። አክሰስ ቤት ጠባቂዎቹን ለዓመታት በአቤቱታ አንከራተተ፤ መሥራቹ ከአገር ወጥተው ተመለሱ፣ ጉዳዩ የመንግሥት ኮሚቴ ድረስ ሄደ። ዘመን ባንክ ግን መሥራቹ ከለቀቁት በኋላ አድጎ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ እሠራለሁ የሚለውን የመሥራቹን ሐሳብ እንኳ ትቶ፣ ዛሬም ቆሟል። ሰውየውን መሠረት አድርጎ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ይህን እንዴት ያስረዳዋል? በባንኩ ላይ ብሔራዊ ባንክ ነበረ፤ አንድ ሰው ከ5 በመቶ በላይ አክሲዮን እንዳይዝ የሚከለክል አዋጅ፣ የቦርድ አባላትን ሹመት የሚያጸድቅ ተቆጣጣሪ፣ በየጊዜው መዝገብ የሚያገላብጥ መርማሪ። በቤት ሽያጩ ላይ ይህን የሚያህል ማንም አልነበረም፤ ገዢው የሚቆጣጠረው በእምነቱ ነበር።

እዚህ ሐረር ላይ ይህን ስናገር የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ኢማም አሕመድን ረሳህ ወይ?» ይሉኛል። አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ ያ ሁሉ ሠራዊት በአንድ ቀን ተበተነ። በአንድ ሰው ላይ የቆመ ነገር ሰውየው ሲወድቅ እንደሚወድቅ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም፣ ይላሉ። ነገር ግን ሠራዊቱ ሲበተን ከተማዋ አልተበተነችም። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ሐረር ገቡ፤ አሚር ኑር ሥልጣን ያዙ፣ የጀጎልን ግንብ አጠሩ። አሚር ኑርም በተራቸው ሞቱ። ግንቡ ግን ቆመ፤ ከነሱ በኋላ ስንት አሚር መጣ ሄደ፣ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆው ጦርነት የሆነው ሆነ፣ ራስ መኮንን መጡ፣ በሮቹ ያው በሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ የመዘገበው ግንቡንና በውስጡ ያለውን ኑሮ ነው። የተበተነው ሰው ላይ የቆመው ነው፤ የቀረው ሥርዓት ላይ የቆመው። የሚያነሡብኝ ታሪክ ለኔ ይመሰክራል።

ሐረሪ ይህን በተግባር ያውቀዋል፤ የሚረሳው አክሲዮን ሲገዛ ብቻ ነው። አፎቻን ተመልከቱ። ለሠርግና ለሐዘን የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ መዋጮው የታወቀ፣ መዝገቡ የታወቀ፣ ቅጣቱ የታወቀ። ማን እንዳቋቋመው ብትጠይቁ ብዙው አባል አያውቅም። ሰብሳቢው በሞተ ቀን አፎቻው ራሱ ይቀብረዋል፤ በዚያው ደብተር ላይ በቀብሩ ያልተገኘው አባል ስሙ ተጽፎ ይቀጣል። የመሪውን ሞት እንደ ማንኛውም ሞት መዝግቦ ሥራውን የሚቀጥል ድርጅት ይኸውላችሁ፤ ለዚያውም ያለ ኦዲተር። በአፎቻ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡን ስለ አሥር ብር አንቆ የሚይዝ ሰው አክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሲደርስ ለመሥራቹ አጨብጭቦ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ለምን?

ከስም ጋር ያለን ፍቅር ሌላም ቀልድ አለው። ቱሪስት ሐረር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ራምቦ ቤት»ን ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ ራምቦ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ቤት ነው፤ ገጣሚው አንድ ቀን አላደረበትም። አስጎብኚው ያውቃል፣ እንግዳውም ሲነገረው ይሰማል፣ ፎቶውን ግን ያነሣል። የሠራው ነጋዴ ስም በማንም አፍ ላይ የለም።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የድርሻውን 10 በመቶ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የገንዘብ እጥረቱም፣ ትርፍ መቼ ይከፈላል የሚለውም። ነገር ግን ሐረር ላይ እኔ የሰማሁት ምክንያት «የማንም አይደለም» የሚል ነው። ከ130 ዓመት በላይ የቆየ፣ የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመሩ ከአዲስ አበባ የተዘረጋው ወደዚችው ወደ ሐረር የሆነ ድርጅት! ስንት መንግሥት ወድቆ ሲነሣ የቆመውን «የማንም አይደለም» ብሎ ትቶ፣ ትናንት ቴሌቪዥን ላይ የታየውን ሰው «እሱ እያለ» ብሎ መግዛት ጥንቃቄ አይባልም።

በነገራችን ላይ ለዚህ ተጠያቂው ገዢው ብቻ አይደለም። ሻጩም መሥራቹን የሚያስቀድመው አውቆ ነው። ፖስተሩ ላይ የሚታተመው የሰውየው ፎቶ ነው፤ የማዕድኑ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ፎቶ ታትሞ አያውቅም። በቁልፍ ሰው ስጋት የሚያምኑት ባለሙያዎችም ሳያውቁት ያግዙታል፤ ጥያቄውን ሁሉ ወደ ሰውየው ጤናና ጠባይ ይመሩትና የቀረው ሳይጠየቅ ያልፋል። ኩባንያውም ምክትል ሾሞ፣ «ተተኪ አዘጋጅተናል» ብሎ፣ አንቀጹን ሞልቶ ይገላገላል። ለገ ደምቢ ምክትል ሞልቶት ነበር።

የካፒታል ገበያ አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፣ ባንኮች መመዝገብ ይዘዋል። ነገ የማዕድን ኩባንያ ይመጣል፤ አለመምጣቱ ነው የሚገርመው። ሲመጣ በደንበኛ ሳቢ መግለጫው ላይ የመሥራቹን የሕይወት ታሪክ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ያድርገው፣ ከተቻለም ያሳጥረው። ከፊት የማዕድኑን ፈቃድ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንና እንዲታደስ ማን ማን መስማማት እንዳለበት ይጻፍ። ወርቁ በአውንስ ስንት ሲሆን ሥራው እንደሚከስር ይጻፍ። ናሙናውን የመረመረው ሌላ ላቦራቶሪ ማን እንደሆነ ይጻፍ። ከማውጫው በታች ያለው ወንዝ ውኃ መቼ ተመረመረ፣ ምን ተገኘበት፣ ውጤቱ በየትኛው ቀበሌ በየትኛው ቋንቋ ተነበበ፣ ምን ያህል አቤቱታ ቀረበ፣ ምን መልስ ተሰጠ፤ ይህም ከነቀኑ ይቀመጥ። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ይህ ገጽ ባዶ የሆነበትን ሰነድ አይቀበል።

ገጹ ላይ ደግሞ መሥራቹ ራሱ ይፈርምበት። ከፈለገ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ እንደ ልቡ ይናገር፣ ማንንም ይገሥጽ፣ ግድ የለኝም። ካልፈረመ ግን አክሲዮን ሻጩ ቦርሳውን ይዞ በመጣበት በር ይውጣ።